የዘለልኩት ቻናል

ግሌኒስ ፓስኮ ባሏ በሞተ በአምስተኛው ወር፣ ኅዳር ላይ፣ የሬዲዮ መቃኛ ምረጥልኝ ብላ ቤቴ ድረስ በእግሯ መጣች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። የባሏ የክላይቭ አሮጌ መቃኛ የእሳት አደጋውንና የሾፌሮቹን የሬዲዮ ንግግር እየጠለፈ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ሲያወራ ኖሮ፣ የእሳት አደጋ ቡድናችን መስከረም ላይ ወደ አዲሱ ዲጂታል ሬዲዮ ሲዞር የሰው ድምፅ ማውጣት አቃተው።

«እንደ እንቁራሪት ይጮህብኛል» አለችኝ። «አንተ ሮይስ ታውቅበታለህ። አሥራ አንድ ዓመት እነሱ ጋር ነበርክ።»

እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም። ሸለቆአችን ውስጥ የእጅ ስልክ አይሠራም። በጋው ከርሮ የባሕር ዛፉ ጫካ ሲደርቅ፣ እሳት የት እንደተነሳና ወዴት እንደሚሄድ የምንሰማው ከመቃኛ ነው።

ከተማ ወሰድኳት። ባለሱቁ አንዲት የእጅ መቃኛ እያገላበጠ አሞገሰላት፤ ትንሽ ናት፣ ርካሽ ናት፣ ኪስ ትገባለች። እኔ ተው አልኩት። የድሮውን ሬዲዮ እንጂ አዲሱን የማትሰማ ነበረች። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን፣ ሁለቱንም የሚሰማውን አስመረጥኳት። ቁልፎቹ ትልልቅ ስለሆኑ ለቆረፈዱት ጣቶቿ ይመቻሉ፤ እሳት ሲመጣ ቀድሞ የሚጠፋው መብራት ነውና በባትሪም ይሠራል። ምርጫዬ ጥሩ ነበር። ይህን የምለው ራሴን ለማመስገን አይደለም፤ ኋላ ያጠፋሁትን ሳላውቅ እንዳላጠፋሁ እንዲታወቅ ነው።

በማግስቱ ወጥ ቤቷ ቁጭ ብዬ ቻናሎቹን መቃኛው ላይ መሙላት ጀመርኩ። ቁጥሮቹ የተጻፉበት ወረቀት ነበረኝ፤ እያንዳንዱን ሞገድ አስገባለሁ፣ ስም እሰጠዋለሁ፣ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። የመንገድ ግሬደሩ፣ የእንጨት መሰንጠቂያው፣ የአውራ ጎዳናው የጭነት መኪኖች። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ አንደኛ ይሁንልኝ አለች።

«ሾፌሯ ልጅ ማመላለሱ የጎን ሥራዋ ነው» አለችኝ ሻይ እየቀዳች። «ዋናው ሐሜት ነው።»

ሳቅን። ከዚያ አሥራ አራተኛው ጋ ደረስኩ፤ የቡድናችን ቻናል።

ባለፈው ዓመት ጥር ውስጥ ሁለተኛውን የውኃ ቦቴ የምነዳው እኔ ነበርኩ። አለቃችን ሾና የኒል ቡክነርን ቤት ድረስልኝ ብላ በሬዲዮ ላከችኝ። ሄድኩ። ጭሱ መንገዱን ሲሸፍነው እጄ መሪውን አልጨብጥ አለኝ፤ ቦቴውን አዞርኩና በሬዲዮ «ዛፍ ወድቆ መንገዱ ተዘግቷል» አልኩ። የወደቀ ዛፍ አልነበረም። ኒልና ሚስቱ ቀድመው ወጥተው ስለነበር ሰው አልሞተም፤ ቤቱ ግን እስከ መሠረቱ ነደደ። በማግስቱ በዚያ መንገድ ያላለፈ የለም። ፊት ለፊት የተናገረኝም የለም። ወገቤን አመመኝ ብዬ ከቡድኑ ወጣሁ። አንድ እሑድ ግን ቤቴ ባለው መቃኛ፣ ከልምምድ የዘገየውን ልጅ አንዱ «ምነው፣ ዛፍ ወደቀብህ እንዴ?» ሲለው፣ ሌሎቹም ሲስቁ ሰማሁ። መቃኛዬን ነቅዬ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

ይህ ሳቅ በግሌኒስ ወጥ ቤት እንዲሰማ አልፈለግኩም። ሸለቆው ውስጥ ምንም የማታውቅ፣ ስታየኝ ዓይኗን የማትሰብር ሰው እሷ ብቻ ትመስለኝ ነበር። ቁጥሩን አስገባሁ፤ «እሳት አደጋ» ብዬ ስም ሰጠሁት፤ ከዚያ መቃኛው ቻናሎቹን ተራ በተራ ሲያዳምጥ ይህን እያለፈው እንዲሄድ የሚያደርገውን የመዝለያ ቁልፍ ተጫንኩ።

«ሁሉም ገባ?» አለችኝ።

«ሁሉም ገባ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ቤቷ ሄድኩ። በሄድኩ ቁጥር ዛሬስ አስተካክለዋለሁ እላለሁ፤ እሷ የአውቶቡስ ሾፌሯን ወሬ እየሳቀች ስታወራልኝ ሻዬን ጠጥቼ እመለሳለሁ።

የካቲት በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ የሰሜኑ ነፋስ ገና በጠዋቱ እንደ ምድጃ አፍ ይጋረፍ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከግሌኒስ ቤት ጀርባ ካለው ጉብታ ጥቁር ጭስ ሲነሳ አየሁ። መጀመሪያ፣ ሰምታ ወጥታለች አልኩ። እንደማትሰማ ትዝ ያለኝ ጫማዬን ሳስር ነው። ፒክአፑን እንዴት እንዳስነሳሁ አላውቅም።

ጠረጴዛዋ ጋ ተቀምጣ አተር ትፈለፍላለች። መስኮቱን ለሙቀቱ ብላ ዘግታ መጋረጃውን ጋርዳዋለች። መቃኛው አጠገቧ በርቷል። ቅዳሜ ስለሆነ አውቶቡስም መሰንጠቂያም የለ፤ ጸጥ ብሏል፤ ጸጥታውን ሰላም ነው ብላ ተቀምጣለች።

እሳት መጥቷል፣ እንውጣ አልኳት።

«ቢሆን ኖሮ ይናገር ነበር» አለችኝ ወደ መቃኛው እያመለከተች።

እጄን ዘርግቼ ያንኑ የመዝለያ ቁልፍ እንደገና ተጫንኩት። የሾና ድምፅ ወጥ ቤቱን ሞላው፤ በዚህ መንገድ ያላችሁ አሁኑኑ ውጡ፣ ፓስኮ ቤት የደረሰ ሰው አለ ወይ፣ እያለች ደጋግማ ትጠራለች። ግሌኒስ መቃኛውን አየች፣ ጣቴን አየች፣ ፊቴን አየች። አተሩን ጠረጴዛው ላይ ትታ ተነሳች። ፒክአፑ ውስጥ ገባች፤ ወደ ከተማ ነዳሁ።

ነፋሱ ዞረና ቤቱ ተረፈ። የዶሮዎቿ ቤት ግን ከነዶሮዎቿ ተቃጠለ። ይህን የሰማነው ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ ተቀምጠን ነው። ያኔ ሁሉንም ነገርኳት፤ ዛፉን፣ ሳቁን፣ ቻናሉን። አንገቴን ደፍቼ ነው የነገርኳት።

«ዛፉን እናውቃለን» አለችኝ። «ያን ቀን እኔና ክላይቭ ከመቃኛው ሰምተናል። ክላይቭ ድምፅህን ሰምቶ 'ምስኪን፣ ፈራ' አለ። ለማንም አልተናገርንም።»

ይህን ጊዜ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ያላወቀችው መስሎኝ የደበቅኩት ነገር፣ ከማንም በፊት ያወቀችው ነበር።

«ያን ቀን እሳቱ መጥቶብህ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ማንም ይፈራል። ይሄን ግን ያደረግከው ተቀምጠህ፣ ሻዬን እየጠጣህ ነው።»

በዚያው ሳምንት ሾናን ጠርታ መቃኛውን አስመረመረቻት። መንገድ ላይ ስንገናኝ እጇን ታነሳልኛለች፤ ግባ ግን አትለኝም። ዶሮዎች ገዝቼ ባደርስላት፣ የራሴን ገዝቻለሁ ብላ ከበር መለሰችኝ።

ከእሳቱ በኋላ በሁለተኛው እሑድ ጠዋት ወደ ቡድኑ ጋራዥ ሄድኩ። ልምምዱ አልቆ ሻይ ይዘው ቆመዋል፤ አሥራ አንድ ሰው። ኒል ቡክነርም አለ፤ ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ነው የገባው። ዛፍ አልነበረም አልኳቸው። ሁሉም ወለል ወለሉን አየ። የሚያውቁትን ነገር ከአፌ መስማት ከእኔ ይልቅ እነሱን ያሳፈራቸው ይመስል ነበር። ሾና ብቻ፣ እዚህ ቱቦ የሚያጥብ ሰው ሁሌ ያስፈልጋል አለች። ኒል ኩባያውን አስቀምጦ ወጣ።

ተከትዬው ወጣሁ። መኪናው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«እስከ የት ደርሰህ ነበር?» አለኝ።

«እስከ ድልድዩ።»

«ከድልድዩ ላይ ቤቱ ይታያል።»

«አዎ፣ ይታያል።»

«ያኔ እየነደደ ነበር?»

ይነድ ነበር ብዬ ብመልስለት፣ ዋሸህ የሚለኝ ሰው አልነበረም።

«አልጀመረም ነበር» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ገብቶ ሞተሩን አስነሳና ሄደ። አቧራው እስኪሰክን ቆሜ ወደ ውስጥ ተመለስኩ፤ ሾና የረጠበውን ቱቦ ጫፍ አስያዘችኝ፣ መጠቅለል ጀመርኩ።