ሁለት ጊዜ ሦስተኛ

«የሕይወት ታሪኩን አንተ ጻፍልን» አሉ አቶ ሻንቆ፣ የተቀቀለ የቦዬ ሥር በእጃቸው እያገላበጡ። «ነገ እሑድ ነው። ከሶዶም ከሃላሌም ሰው ይጎርፋል። ቆመህ ታነበዋለህ። ከአንተ በቀር ብዕር የሚታዘዝለት ሰው አለን እንዴ?»

መምህር ኤርካሎ እሺም እንቢም ከማለቱ በፊት ዙሪያውን አየ። ዱባለ ሐሙስ ሞቶ ዓርብ ተቀበረ። ገሱባ ባለው ግቢው፣ ከእንሰቱ ጥግ በተጣለው ዳስ ውስጥ፣ ለቀስተኛው ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ ተቀምጧል። ኤርካሎም ሁለት ቀን ሙሉ የሰማው አንድ ስም ብቻ ነው፤ ዱባለ፣ ዱባለ፣ ዱባለ። ለቅሶ ነውና የማን ስም ሊነሣ ኖሯል? እሱን ግን በየመሀሉ ቆንጠጥ ያደርገው ነበር።

«እሺ፣ እጽፋለሁ» አለ በመጨረሻ።

አቶ ሻንቆ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፤ እሺ ካሏቸው ወዲያ ትእዛዛቸው አያልቅም። ቦዬውን ጎረስ አደረጉና፣ «ያን ንግግሩን ደግሞ እንዳትረሳ» አሉት። «ፓርላማ ቆሞ ስለ ወረዳችን የተናገረውን። የአገሩን ታሪክ ከሥር እስከ ጫፍ ዘረገፈላቸው አሉ እኮ!»

«እንዴት ያለ ንግግር!» አለ ከኋላ አንዱ ከብት ነጋዴ። «አዲስ አበባ ገበያ ድረስ ተወርቷል።»

ያን ንግግር የጻፈው ኤርካሎ ነው። አራት ገጽ፣ ግራና ቀኝ ኅዳግ ተትቶለት፣ አንድ ስርዝ ድልዝ የሌለበት። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱንም ዓርብ ዕለት አፈር አለበሱት። እንግዲህ በዚህ ምድር ላይ ለኤርካሎ የሚመሰክርለት የለም።

ነገርን ነገር ያነሣዋል። በ1949 ዓ.ም. ሕዝብ እንደራሴውን ይምረጥ ሲባል፣ ከኦፋ እስከ ኪንዶ ያለው አገር አንድ የምርጫ ወረዳ ሆነ። ሁለት እንደራሴ ይወጣበታል። የቀረቡት ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው አባታቸው ከሰሜን መጥተው መሬት የያዙት ቀኛዝማች ሀብተጊዮርጊስ፣ ሁለተኛው ከብት ነጋዴው ዱባለ፣ ሦስተኛው የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት መምህር ኤርካሎ። ዱባለና ኤርካሎ አንድ ዛፍ ሥር ፊደል የቆጠሩ፣ ከአንድ ቅል የጠጡ ናቸው። ፊደሉ ግን የገባው ለኤርካሎ ነው። ዱባለ አማርኛን የሚናገረው እንደ እንቢተኛ ወይፈን ከፊት እየጎተተ፣ ከኋላ እየገፋ ነበር። በዚያ አማርኛ ፓርላማ ልግባ ማለቱን ሲሰማ ኤርካሎ ከልቡ ሳቀ። ምነው ያን ጊዜ ባልሳቀ!

ማንበብ የማይችለው መራጭ እንዳይሳሳት እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ምልክት ያዘ። ቀኛዝማች ፈረስ አሉ። ዱባለ በሬ አለ። ኤርካሎ ሦስት ቀን አውጥቶ አውርዶ መጽሐፍ መረጠ። አማኙ ሁሉ መጽሐፍ እያየ ወዴት ይሄዳል ብሎ ነው። በምርጫው ቀን አማኙ ሳጥኑ ላይ የተሳለውን መጽሐፍ ሲያይ እጁን ሰበሰበ። «በእግዚአብሔር ቃል ላይ የመንግሥት ወረቀት ልጥል? ምን በወጣኝ!» አሉና አንዲት እናት ካርዳቸውን በሬው ውስጥ ጨምረው ወጡ። ከኋላቸው የተሰለፈው ሁሉ እንደ እሳቸው አደረገ። አቶ ሻንቆ ራሳቸው በሬ መርጠው ሲያበቁ፣ «አንተን አክብረን እኮ ነው» አሉት። ክብር ማለት ይህ ከሆነ ንቀት በስንት ጣዕሙ።

ሁለት በሚወጣበት ኤርካሎ ሦስተኛ ወጣ። በ1953 ምልክቱን ፋኖስ አደረገ፤ አሁንም ሦስተኛ። ቀኛዝማች በጨዋታ «ኤርካሎ ሣልሳዊ» አሉት፤ ስሙ ከእሳቸው ግቢ ወጥቶ ገሱባ ገበያ ለመድረስ አንድ ሳምንት አልፈጀበትም።

ዱባለ ፓርላማው በተዘጋ ቁጥር በየክረምቱ ኮቱን ለብሶ ይመጣል። ኤርካሎ በኮቱ ቀና፣ በጫማው ቀና፣ ሴቱም ወንዱም ተሻምቶ ሲስመው ቀና። ጭቃ የነካው ባርኔጣው እንኳ አስቀናው። ዱባለ ሻንጣውን ገና ሳያወርድ በቀጥታ የሚመጣው ኤርካሎ ቤት ነበር። ኤርካሎ ግን ይህንንም «ሊያሳየኝ ነው» ብሎ ነው የተረጎመው። የቀና ሰው ምን አስተርጓሚ ያሻዋል?

በ1956 ወሬ መጣ። የኦፋና ኪንዶ የምርጫ ወረዳ ሊፈርስና ከሶዶ ጋር ሊቀላቀል ነው ተባለ። ዱባለ ያን ሰሞን ኤርካሎ በራፍ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክር ነበር።

«ኤርካሎ፣ ጻፍልኝ። ፓርላማ ልናገር ነው። እኔ ብቻዬን ከሆነ ይስቃል።»

«አንተ አይደለህ የተመረጥኸው?»

«እኔ ተመረጥሁ። የሚያውቀው አንተ ነህ።»

በሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል እያለ በልቡ፣ ጻፈለት። ደግሞ ሲጽፍ ደስ አለው! የወረዳው ወሰን ከየትኛው ወንዝ ተነሥቶ በየትኛው ኮረብታ እንደሚያልፍ፣ ስንት የምርጫ ጣቢያ እንደነበረው፣ በመጀመሪያው ቀን ሰው ጤዛ ሳይረግፍ እንዴት እንደተሰለፈ፣ ሽማግሌዎች የካርዳቸውን ቁራጭ በጥጥ ጠቅልለው እንዴት እንዳስቀመጡ፣ ሁሉንም አሰፈረው። ሁለት ጊዜ ላልመረጠው ወረዳ እንዲህ ያለ ታሪክ የጻፈ ሰው ከእሱ ሌላ ያለ አይመስለውም።

ሰኔ ላይ ዱባለ ሲመለስ ኤርካሎ ውሃ እንኳ ሳያቀርብለት ጠየቀው።

«አነበብኸው?»

«አነበብኩት።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው» አለ ዱባለ፣ ጫማውን እያየ።

«ምን አሉ?»

«ዝም ብለው ሰሙ። ጥሩ ጽሑፍ ነው።»

ወረዳው ግን አልተረፈም። በ1957ቱ ምርጫ የኦፋና ኪንዶ የምርጫ ወረዳ የሚባል ነገር በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም። ዱባለ ወደ ከብቱ ተመለሰ። ወረዳውም የነበረው ስምንት ዓመት ብቻ ሆኖ ቀረ። የቀረው ወሬው ነው፤ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «ያ ንግግር» ይባላል። ኤርካሎ በሰማ ቁጥር በጥርሱ መካከል «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል። አንድ ቀን ዱባለ ራሱ በሰው ፊት ተነሥቶ «የጻፈው እሱ ነው» እንዲልለት ሁለት ዓመት ጠበቀ። ዱባለ ሳይል ሞተ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኤርካሎ ቤቱ ገብቶ ጻፈ። የት ተወለደ፣ ማን አስተማረው፣ ስንት ልጅ ወለደ፣ ይህ በቀላሉ ወረደ። ንግግሩ ዘንድ ሲደርስ ብዕሩን ቀለም አጠገበና፣ «ይህን ታላቅ ንግግር የደረሰው የዚህ ታሪክ ጸሐፊ መምህር ኤርካሎ ነው» ብሎ ጻፈ። አነበበው። ደግሞ አነበበው። ማር ማር አለው።

ሚስቱ ብርሃኔ በትከሻው በኩል አጎንብሳ አየችው። የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ቤት የጨረሰች ናት፣ ምንም አያመልጣት።

«ይህቺኛዋ ለማን ናት? ለሟች ናት ለአንተ?»

«ለእውነት ናት።»

«እውነት ሰውየው ከሞተ ወዲያ ነው ትዝ ያለችህ?»

«ዝም በይ እስቲ» አላት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

እሑድ ጠዋት ግቢው ሲደርስ የሟች ሚስት አስካለች፣ ሴቶቹ ከተሰበሰቡበት ቤት ወጥታ በር ላይ ጠበቀችው። ዓይኗ አብጧል።

«ጻፍህ አሉኝ፣ መምህር።»

«ጽፌአለሁ፣ እኅቴ።»

«እኔ በአንተ ስንት ዓመት እንደቀናሁ ታውቃለህ?» አለችው። «ከአዲስ አበባ ሲመጣ እኔና ልጆቹ እዚህ በር ላይ ቆመን፣ እሱ በዚያ በኩል ታጥፎ ወደ አንተ። ምሳው ከቀዘቀዘ በኋላ ይመጣል። ምን አለ ስለው፣ "ኤርካሎ እንዲህ አለ፣ ኤርካሎ እንዲህ አለ" ነው ወሬው። አንድ ቀን ተናድጄ፣ እሱኑ አግባው አልሁት።»

ልትስቅ ሞክራ አቃታት። ኤርካሎ ሰው በእሱ ይቀናል ብሎ በሕልሙም አስቦ አያውቅ። እንደ ሌባ አቀርቅሮ ወደ ዳሱ ገባ።

ረፋዱ ላይ ቀኛዝማች ሀብተጊዮርጊስ ከሶዶ መጡ። አቧራ የጠጣ ጥቁር ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጡ፤ እንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ የቡና ቅጠል ፍል ቀረበላቸው። እሳቸው ባሉበት ደግሞ ጨዋታ አይጠፋም፣ ለቅሶም ቢሆን።

«ቀኛዝማች፣ እርስዎ አጠገቡ ነበሩ» አሉ አቶ ሻንቆ። «እስቲ ያን ንግግር ይንገሩን።»

ኤርካሎ የገዛ ቃሉን ከሌላ ሰው አፍ ሊሰማ ነው። አንድ ሐረግ ቢሳሳቱ ለማረም ተዘጋጅቶ ቀና አለ።

«ምን ንግግር አለው ብላችሁ!» አሉ ቀኛዝማች። «ተራው ደረሰና ተነሣ። ከደረት ኪሱ ረጅም ወረቀት አወጣ። አየው። ደግሞ አየው። መልሶ አጠፈው። "ይህን የጻፈ ሰው ከእኔ ይበልጣል፤ በእኔ አፍ ይበላሻል። እሱ ራሱ እዚህ የመጣ ቀን ያነበዋል" አለ። ሰው ሳቀ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ።»

ቀኛዝማች ከፍሉ ፉት አሉና ቀጠሉ።

«ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተና፣ "እኔ ከብት ነጋዴ ነኝ" አለ። "በሬ ስሸጥ እንኳ ገዢውን የት ልትወስደው ነው እለዋለሁ። እናንተ አገር ከአገር ስትቀላቅል አገሩን ጠይቃችኋል? ሃላሌ ያለች አሮጊት የምታውቀው ሰው አጠገቧ ሲሆን ነው ካርድ የምትጥለው" አለና ቁጭ አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። የሳቀው ሰው ሁሉ አፉን ያዘ። ወረዳውስ አልቀረልንም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲያ እዚያ አዳራሽ እንደዚያ ያለ ዝምታ አልሰማሁም።»

«የወረቀቱ ጸሐፊ ማን ይሆን?» አለ ከብት ነጋዴው።

«ጠየቅሁት፣ አልነገረኝም። "ስሙን እኔ ከጠራሁት አንሶ ይገባል፤ በራሱ ይግባ" አለኝ።»

«የሶዶ ሰው ይሆናል» አሉ አቶ ሻንቆ። «መምህር፣ አንተስ አታውቅም?»

ሁሉም ወደ ኤርካሎ ዞረ። ሁለት ዓመት የጠበቃት ቅጽበት በራሷ እግር መጥታ ፊቱ ቆመች። «እኔ ነኝ» ቢል ቀኛዝማች ምስክር፣ ዳሱ ሙሉ አድማጭ። ግን አንዲትም ቃል አልተነበበችለትም። ወንዙ፣ ኮረብታው፣ ጥጡ፣ አራት ገጽ ሙሉ፣ እንደታጠፈ ቀርቷል። «እስከ መጨረሻው» ያለው ውሸቱን ነው! መጀመሪያ ተናደደ። ቀጥሎ ሌላ ነገር ያዘው፤ ያም ቢሆን፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ቅናት ነበር። በምርጫ ቀደመኝ፣ በንግግርም ቀደመኝ፣ አሁን ደግሞ በቸርነት ቀደመኝ አለ በሆዱ። እኔ በኮቱ ስቀና እሱ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቦታ ይዞልኝ ነበር።

«እኔ እንጃ» አለ።

ብዕሩን አውጥቶ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ያቺን ማር ማር ያለችውን ዓረፍተ ነገር አንድ መስመር አሰመረባት፤ ሁለተኛም፣ ሦስተኛም፣ ፊደሉ እስኪጠፋ። ከዚያ ተነሥቶ አነበበ። ትምህርት ቤት የሚያስጨንቅ ያ ጥርት ያለ ድምፁ ዛሬ በየመሀሉ ይሰበር ነበር። ንግግሩ ዘንድ ሲደርስ ከወረቀቱ ቀና አለ።

«ስለ ወረዳችን ፓርላማ ውስጥ የተናገረው» አለ፣ «በራሱ ቃል ነው። ማንም አልጻፈለትም።»

ንባቡ አልቆ ሰው አፍንጫውን እየጠረገ ሳለ፣ ከዳሱ ደጃፍ አንድ ሽማግሌ መጥተው ቆሙ። እስከ ጉልበታቸው አቧራ ናቸው። ከሃላሌ ትናንት ማለዳ ነው የተነሡት።

«ቀብሩ አለፈኝ?» አሉ።

«ዓርብ ተቀበረ፣ አባ።»

«የምታነቡትስ?»

«አሁን አለቀ።»

ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው፣ የሚሄዱበት ያጡ መሰሉ። «እንግዲያው ወንድሙን አሳዩኝ» አሉ። «እሱን ይዤ ላልቅስ።»

ዱባለ ወንድም አልነበረውም፤ እናቱ እሱን ወልዳ መክና ነው የቀረችው። አቶ ሻንቆ ይህንኑ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ኤርካሎ ቀደማቸው። ወረቀቱን አግዳሚው ላይ ጥሎ፣ በለቀስተኛው ጉልበት መካከል እየተሻገረ ሄደና ሽማግሌው ፊት ቆመ።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ» አላቸው፤ አጭር ሰው ነበሩና፣ እንዲያቅፉት አንገቱን ዝቅ አደረገላቸው።