ቀይዋ መብራት

ትምህርት እንደጨረስኩ በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ የሚገጥም ቴክኒሻን ጋ ሥራ ገባሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ ቤት ውስጥ ሊቅ ሆኜ አረፍኩት። አያቴን ሳይቀር ማስተማር ጀመርኩ።

«እማማ፣ ድምፅሽ ተቆራርጦ ነው የሚሄደው። ቁራጩ ፓኬት ይባላል። እዛ ሲደርስ ይገጣጠማል።»

«ደግሞ ሳልገጣጠም እንዳልቀር!» ትለኛለች።

ያን ቀን ግን ቀልድ አልነበረም። አጎቴ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ተኝቷል፣ የልብ ኦፕሬሽን ሊደረግለት ነው። አያቴ ደግሞ ለአባቱ ቀብር አልደረሰም ብላ ስድስት ዓመት ሙሉ አኩርፋዋለች። ጠዋት ተነስታ፣ «ደውይልኝ፣ ይቅር ልበለው» አለችኝ።

ደስ ብሎኝ ልሞት! ከሥራ የተዋስኩትን የጠረጴዛ ስልክ ራውተሩ ላይ ሰክቼ፣ ስፒከር ላይ አድርጌ ደወልኩ። ነርሷ አነሳችና እሷም ስፒከር ላይ አድርጋ አጎቴ አጠገብ አስቀመጠችው። ወዲያው የራሳችን ድምፅ እየተመለሰ ይጮህብን ጀመር። ኤኮ! ይሄንንማ አውቀዋለሁ። ማይኩን ዘጋሁት፣ ጸጥ አለ። በራሴ ኮራሁ።

«በይ እማማ፣ አውሪ።»

አያቴ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። «ልጄ፣ የኔ ጌታ፣ ይቅር ብዬሃለሁ። አንተም ይቅር በለኝ።»

«እማዬ?» አለ አጎቴ። «አለሽ?»

«አለሁ፣ አለሁ!»

«አናግሪኝ እንጂ፣ እማዬ።»

አያቴ ዞር ብላ አየችኝ። «አይሰማኝም እንዴ?»

«መዘግየት ነው! ድምፅሽ መንገድ ላይ ነው፣ አንቺ ቀጥዪ።»

ቀጠለች። ትንሽ እያለ ጆሮዋን ካልያዘ እንቅልፍ ይወስደው እንዳልነበር ሳይቀር አወራችው። መረቀችው። አጎቴ በመጨረሻ፣ «እሺ፣ ገባኝ» አለ ቀስ ብሎ። ስልኩ ተዘጋ።

«አየሽ፣ ደረሰው!» አልኳት። እያለቀሰች ግንባሬን ሳመችኝ።

ስልኩን ልነቅል ጎንበስ ስል ማይኩ ሲዘጋ የምትበራው ቀይዋ መብራት በርታለች። ማይኩን አልከፈትኩትም ነበር።

ማይኩን ከፍቼ መልሼ ደወልኩ። ነርሷ አነሳች። «አሁን ኦፕሬሽን ክፍል ወሰዱት እኮ፣ እህቴ» አለችኝ።

በሕይወት አልወጣም።

አያቴ ሊያጽናናት ለመጣ ሰው ሁሉ ታወራለች። «ታርቀን ነው የሄደው። መርቄው ‹ገባኝ› ብሎኛል።» ከዛ ወደ እኔ ትዞራለች። «አላለም?»

«ብሏል፣ እማማ» እላታለሁ።

ብሏላ።