ሠላሳ አምስት ወንበር

በሐይቁ ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ ጉንጉን ይላታል። እናት አባቷ ያወጡላትን ስም ከባሏና ከአማቷ በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስልም። ጉንጉን ከመባሏ በፊት ደግሞ «የአረሟ እብድ» ነበር የሚሏት። ያንን ስም ያወጡላት ሰዎች ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኟት ጎንበስ ብለው ሰላም ይሏታል። ሰው እንዲህ ነው፣ ምን ይደረጋል።

ነገሩ የጀመረው እንቦጭ ሐይቁን የወረረው ጊዜ ነው። እንቦጭ ሐምራዊ አበባ ያለው፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ አረም ነው። አበባው አምሯችሁ ዛሬ ከተዋችሁት በሁለት ሳምንት እጥፍ ሆኖ ይጠብቃችኋል። የጉንጉን ባል ዓሣ አጥማጅ ነው። ጀልባው በአረሙ ተተብትባ አልንቀሳቀስ ስትለው ወደ ግቢ ጎትቶ ገለበጣት፤ እሱም አብሯት የተገለበጠ ይመስል ከቤት ዋለ። ጉንጉን ግን እጇን አጣጥፋ መቀመጥ አልሆነላትም። እስከ ወገቧ ውኃ ውስጥ ገብታ አረሙን ትነቅላለች፣ ሥሩን ቆርጣ ከውኃው ርቃ ትቀብራለች፣ አገዳውን ፀሐይ ላይ አድርቃ ትጎነጉናለች። መጀመሪያ የሠራችው ወንበር ሻግቶ ተጣለ። ሁለተኛው አማቷ ሲቀመጡበት ተቀደደ። ሦስተኛው ላይ አማቷ እስካሁን ተቀምጠዋል።

በስድስት ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ሴቶች ተጨመሩላት። የሐይቁ ፊት ቀስ በቀስ ተገለጠ፤ የተገለበጠችው ጀልባም ባለፈው ዓመት ወደ ውኃዋ ተመለሰች። ወንበር የሚገዛቸው ሰው ግን ሁልጊዜ «ለአረም ደህና ነው» ሳይል አይገዛም ነበር። ይቺ ቃል ጉንጉንን ታንገበግባታለች። የአዲሱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ስትመጣ ግን ናሙናውን ገልብጣ አየች፣ ተቀመጠችበት፣ ተነሣችና «አርባ እፈልጋለሁ፤ ቀኑ እንዳያልፍ» ብቻ አለች። ስለ አረም ምንም አላነሣችም። ጉንጉን ቃሏን ሰጠች። የጉንጉን ቃል ደግሞ ታጥፎ አያውቅም።

ሠላሳ አንደኛው ወንበር ሲያልቅ አገዳው አብሮ አለቀ። ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ ሐይቁን ዞረው የሚመለሱት እፍኝ በማትሞላ፣ አጭርና ቦርጫም አገዳ ሆነ።

«ሐይቁ መጽዳቱስ ደግ» አለች ጉንጉን እራት ላይ። «ግን አርባ ብዬ ሠላሳ አንድ ይዤ ስሄድ ፊቴን የት አደርገዋለሁ?»

«በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች አሉ» አሉ አማቷ ከወንበራቸው ላይ። «ማን ጨርሺው አለሽ፣ ልጄ?»

ባሏ አቀርቅሮ መብላቱን ቀጠለ።

በሦስተኛው ቀን ባሏ ከዓሣው ጋር አንድ ትልቅ እስር አገዳ ይዞ መጣ። በማግስቱም እንዲሁ። ሴቶቹ ሊያቅፉት ምንም አልቀራቸውም። ጉንጉን ግን አንዱን አገዳ መዘዘችና በክንዷ ለካችው። ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ ይደርሳል። እንቦጭ ቦታ ሲሰፋለት አጭርና ቦርጫም ነው የሚሆነው፤ ወደ ላይ የሚመዘዘው እርስ በርሱ ሲጨናነቅ ብቻ ነው። በጸዳ ሐይቅ ላይ እንዲህ ያለ አገዳ አይገኝም። የሆነ ቦታ ሰው ሆን ብሎ እንቦጭ አጭቋል ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጀልባዋ ላይ ቀድማው ወጣች።

«የት ልትሄጂ?» አላት።

«አንተ የምትሄድበት።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሊቀዝፍ ሁለት ጊዜ ሞከረ። ሁለቴም ዓይኑን ስታየው መቅዘፊያውን መለሰ። ከትልቁ ቋጥኝ ጀርባ ሲደርሱ ውኃው ወደ ውስጥ ገባ የሚልበት ጥግ አፉ በዓሣ መረብ ተዘግቶ አየች። ከመረቡ ወዲያ ያለው ሁሉ ሐምራዊ ነበር።

«ይህን አረም ስትረግም ስድስት ዓመት ሰምቼሃለሁ» አለችው።

«አሁንም እረግመዋለሁ። ጠዋት ጠዋት መጥቼ እረግመውና መረቡን አጠብቃለሁ።» መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «እያለቀ መሆኑን ሳይ ነው የሰበሰብኩት፤ ሁለት ወር ሆነው። እኔ ተዘርሬ በዋልኩበት ጊዜ ቤቱን ያቆምሽው በዚህ ነው። ሥራሽ ሲያልቅብሽ ቆሜ ልይ?»

አንጀቷን በላው። ደሟም ፈላ። ሁለቱ አንድ ላይ መጡባት።

«አሁን ቢነቀል ካመጣሁት ጋር ለአራት ወንበር ነው» አለ። «ቀጠሮው ገና ነው፤ አንድ ወር ብቻ ብንታገሥ የጎደለው ዘጠኙም ወንበር ይወጣዋል። ቃልሽም አይታጠፍ። ከዚያ እኔው ራሴ እነቅለዋለሁ።»

እውነቱን ነው፤ አንድ ወር ይበቃ ነበር። ጉንጉን አርባውን ወንበር በንባብ አዳራሹ ውስጥ ተደርድሮ አየችው። በጣም ፈለገችው። ከዚያ ወደ መረቡ ጎንበስ ስትል በቀዳዳው ሾልካ የወጣች፣ መዳፍ የምታክል ችግኝ ከውጭ ስትንሳፈፍ አገኘች። አንሥታ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት።

«መጀመሪያም አንዲት ነበረች» አለችው።

ባሏ ችግኟን ትንሽ አያትና መረቡን መፍታት ጀመረ።

ሴቶቹ ተጠሩ። ከጠዋት እስከ ማታ ዘጠኙም፣ ባልና ሚስቱም ደረታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው ነቀሉ። መረቡን ሳይቀር አውጥተው ቀዳዳ በቀዳዳ ፈተሹት። «አይዞን፣ አረም ከዓለም አይጠፋም» አለች አንዷ፣ የግጦሹን መሬት የወረረውን እሾኻም ቁጥቋጦ በአገጯ እያመለከተች። «ቀጥሎ እሱ ነው።» ሲመሽ ጥጉ ውስጥ ውኃ ብቻ ቀረ።

በቀጠሮው ቀን ሠላሳ አምስቱን ወንበር በመኪና ጭነው ሄዱ። ጉንጉን መንገዱን ሙሉ የይቅርታ ቃል ስታጠና ነበር። ባሏ ከጎኗ ተቀምጦ ሲያዳምጣት ዋለ፤ ጥፋቱ የእሱ ይመስል።

ኃላፊዋ አዳራሹ በር ላይ ቆማ ወንበሮቹ ሲገቡ አየች። «አምስት ይጎድላል» አለች።

«አዎ። እንቦጩ አልቆብን ነው።»

«ግድ የለም፣ እስኪበቅል እጠብቃለሁ። መቼ ይደርስልዎታል?»

ያጠናችውን ይቅርታ ተወችው። ዘጠኙ ሴቶች እየተንቀጠቀጡ ከውኃ ሲወጡ ታዩዋት፤ ከኋላቸውም ያ ጥርት ያለ ጥግ። ወገቧን አቀናች።

«ዘሩ ጭቃው ውስጥ ስላለ ብቅ ሊል ይሞክራል» አለች። «እኛ እያለን ግን አይበቅልም።»

ኃላፊዋ ወደ አዳራሹ ዞር ብላ ባዶውን ጥግ አሳየቻት። «እንግዲያው የአምስቱን ቦታ ክፍት እተወዋለሁ። ሰው ለምን ብሎ ሲጠይቀኝ ይህንኑ እነግረዋለሁ።»

የመጨረሻውን ወንበር ተሸክሞ የገባው ባሏ በሩ ላይ ቆመ። «ሚስቴ ናት» አለ። የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።