የ«ከፍ በሉ» አዲሱ መዝሙር

ሰውየው በሥራ ቀን ማቀዝቀዣ ይጠግናል፤ እሁድ እሁድ ግን የመዘምራኑ አቀናባሪ ነው። ስሙን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ ሌላው ሁሉ የሚጠራው «ከፍ በሉ» እያለ ነው። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ የትኛውም መዝሙር ይሁን፣ ሦስተኛው አንጓ ሲያልቅ ከኪቦርዱ ጀርባ «ከፍ በሉ!» ይልና ድምፁን የሚያነሳውን ቁልፍ ይጫናል። ከዚያ ሴቶቹ ብቻ፣ ከዚያ ወንዶቹ ብቻ፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ አዝማቹን ሦስት ጊዜ። መዝሙሩ የሐዘንም ይሁን የምስጋና መንገዱ ያው ነው።

አንድ ቀን ከመዘምራኑ አንዷ የሆነችው ልጁ ሰሃን እያጠበች የአንዱን መዝሙር ግጥም ከሌላው አዝማች ጋር ገጥማ ዘመረችው። እሱም ሶፋው ላይ እንደተጋደመ የወንዶቹን ድምፅ እየተቀበለ እስከ መጨረሻው አጀባት፤ ምንም አልታወቀውም።

«አባዬ፣ ሁለት መዝሙር እኮ ነው የዘመርነው!» አለችና በሳቅ ፍርስ አለች።

እሱ አልሳቀም። የመዘምራኑ ሰብሳቢ በዚያው ሳምንት ቁርጡን ነግራዋለች። «ጋሼ፣ አይቀየሙኝና ለአዲሱ አዳራሻችን ምረቃ የተለየ ነገር ካላመጡ ቅንብሩን ለሌላ ሰው መስጠታችን ነው» ብላዋለች። እዚያች ኪቦርድ ፊት ካልተቀመጠ እሁድን በምን እንደሚያሳልፈው አያውቅም። እንዲያውም ፈርቷል።

ስለዚህ ወገቡን ጠበቅ አድርጎ ተነሣ። ከፍ የማይል፣ ሴትና ወንድ የማይለይ፣ ሦስት ጊዜ የማይደገም፣ መጨረሻው በለሆሳስ የሚያልቅ መዝሙር ሠራ። መዘምራኑን ሦስት ሳምንት አለማመዳቸው፤ አንድም ሰው አልሳተ።

የምረቃው እሁድ ሦስተኛው አንጓ አለቀ። ድምፁ ዝቅ ማለት ሲገባው ከሴቶቹ መካከል አንዷ ትልቅ ትንፋሽ ስትስብ ሰማ። ከፍ ከማለት በፊት የሚሳበውን ያንን ትንፋሽ ያውቀዋል፤ ክው አለ። ሴቶቹ በሙሉ ማንም ሳያዛቸው ከፍ አሉ፤ ወንዶቹም ግራ እየገባቸው ተከተሉ፤ ኪቦርዱ ብቻውን ታች ቀረ። ወይ በሠራው ጸንቶ መዝሙሩን ሊያፈርሰው ነው፣ ወይ ተከትሏቸው ቦታውን ሊያጣ።

ቁልፉን ተጫነ። «ከፍ በሉ!» አለ፣ እነሱ ከፍ ካሉ በኋላ። ሴቶቹ፣ ወንዶቹ፣ ሁሉም፣ ሦስት ጊዜ። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አዳራሹን በጭብጨባ አናወጠው።

ሰብሳቢዋ ዓይኗን እየጠራረገች ስትመጣ ስንብቱን ሊሰማ ተዘጋጀ።

«ጋሼ፣ መዘምራኑ ሳይታዘዙ ከፍ ብለው እርስዎ ከኋላ ሲከተሏቸው! ይህን የመሰለ አዲስ ነገር እስከ ዛሬ የት ደብቀውት ነው?»

እሱ ኪቦርዱን አጥፍቶ መሸፈን ጀመረ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ልጁ ክንዱን ያዝ አደረገችው።

«አባዬ፣ እንዳትቆጣኝ። መጀመሪያ ከፍ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ተሳስተሽ ነው?»

«አውቄ ነው። መዝሙሩ ያምራል፤ ግን ውስጡ አንተን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁህ።»

ሊቆጣት ፈለገ፤ የሦስት ሳምንት ልፋቱ ነው። ግን ፊቱን ወደ ሌላ አዞረና ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ልጁም ክንዱን ሳትለቅ ቤት እስኪደርሱ አብራው ተራመደች።