የመንገዱ ደቦ

አሶሳ ውስጥ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ስለ ውጭ ኢንቨስትመንት ሳወራ ተማሪዎቼ ያንቀላፋሉ፤ አልፈርድባቸውም። ባለፈው ኅዳር የማንጎ ጭማቂ ፋብሪካ ሊተክል ያሰበ የውጭ ኩባንያ አንዲት ባለሙያ ልኮ እኔን አስተርጓሚ አድርጎ ቀጠረኝ። የሴትዮዋ ሥራ ኩባንያው ገንዘቡን እዚህ ቢያፈስ ምን ሊገጥመው እንደሚችል መገመት ነው።

ሐመድን ያወቅሁት በዚሁ ሰበብ ነው። ከባምባሲ መንገድ ገባ ብሎ ያለ መንደር የሚኖር የበርታ ገበሬ ነው፤ አባቱ የተከሏቸው ትልልቅ የማንጎ ዛፎች አሉት። ግንቦት በመጣ ቁጥር ፍሬው ገዢ አጥቶ መሬት ላይ ይበሰብሳል። ብር ከረከሰ ወዲህ ደግሞ የማዳበሪያ ዋጋ አላስቀምጥ ብሎታል። ሰራዊት የሚባል ከሰል ነጋዴ ዛፎቹን ቆርጦ ሊያከስል ይፈልጋል፤ የጭነት መኪና የማይገባበት መንደር ስለሆነ ግን አልቸኮለም። ሐመድ ፋብሪካውን ሲያነሳበት፣ "ላም አለኝ በሰማይ!" እያለ ይስቅበታል።

ቀጠሮ ለመያዝ በሞተር ሄጄ አገኘሁት።

"አስተማሪ፣ ፋብሪካ መጣ፣ ዛፍ ዳነ። ፋብሪካ ቀረ፣ ሰራዊት ይቆርጣል። ሌላ ነገር የለም" አለኝ።

"ቅዳሜ ጠዋት ይዣት እመጣለሁ፣ ጋሽ ሐመድ።"

"ኢንሻአላህ። ያ ሴትዮ ሰነፍ እንዳልሆንን ያያል።"

ቅዳሜ መኪናውን የያዘው በቃሉ የሚባል ሾፌር ነበር። ባለሙያዋ መንገድ ላይ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። የብሩ መርከስ ወደ ውጭ ለሚልክ ኩባንያ እንዲያውም ይጠቅማል፤ የዶላር እጥረቱም፣ የመብራት መቆራረጡም ተሰልቷል። የቀራት መንገዱና ጸጥታው ብቻ ነው። ደስ አለኝ። የሐመድ ዛፎች ተረፉ አልኩ በልቤ።

መንደሩ ሲቃረብ የጡሩምባ ድምፅ ሰማን። ኩርባውን ስንዞር መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ገጀራና መጥረቢያ የያዙ፣ ላብ ያጠመቃቸው ወንዶች ከዳር እስከ ዳር ቆመዋል። ሐመድ መንደሩን በሙሉ ለደቦ ጠርቶ ክረምት ያበቀለውን ሣርና ቁጥቋጦ እያስጠረገ ነበር። እንግዳዋ ሥራ ላይ እንድታገኛቸው ብሎ ሰዓቱን ሆን ብሎ ነው የመረጠው። ዋዛ የሚባለው የቅል ጡሩምባም የሚነፋው ለሠራተኛው ነው፤ ለጠብ ዋዛ የሚነፋ የለም።

በቃሉ ግን ታጣቂዎች መንገድ ይዘጉ የነበረበትን ክፉ ጊዜ በዚህ መስመር ሲያሽከረክር ያሳለፈ ሰው ነው። ሳይጠይቀን መሪውን አዞረ።

"ደቦ ነው! ለእሷ ብለው መንገድ እየጠረጉ ነው!" ብዬ ጮኽኩ፤ ለሴትዮዋም በቋንቋዋ ደገምኩላት።

"አምንሃለሁ" አለችኝ። "የኩባንያው ደንብ ግን ስለት የያዘ ሰው መንገድ ከዘጋ ተመለስ ይላል። ነገ ፍሬ ሊጭን የሚመጣ የፋብሪካው ሾፌርም እንደዚሁ መመለሱ አይቀርም።"

ዞር ብዬ አየሁ። ሐመድ ሊያስቆመን ከኋላ እየሮጠ እጁን ያወናጭፋል፤ እጁ ላይ ያለውን ገጀራ ረስቶታል። በቃሉ ይብስ ነዳጅ ረገጠ።

ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኝቻት በሞተር ተመለስኩ። ሴቶቹ ለእንግዳዋ የሠሩት ገንፎና የባሚያ ወጥ እንደተከደነ ነው። ሐመድ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሏል።

"መንገድ ስላልጨረስን ነው የተመለሰ?" አለኝ።

"ገጀራውን ፈርታ ነው።"

ገጀራውን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። "ሣር ያለ ገጀራ እንዴት ይቆረጣል?"

በማግስቱ ደቦውን ደግሞ ጠርቶ መንገዱን አስጨረሰ። ምናልባት ትመለስ ይሆናል ብሎ ነው። ኩባንያው ግን በጥር ሌላ አገር መረጠ፤ በሪፖርቱ ላይ ከብሩም ከዶላሩም ይልቅ የከበደው ያ ኩርባ ነበር።

ግንቦት ላይ ሐመድ አስጠራኝ። ስደርስ የሰራዊት አይሱዙ ከዋናው መንገድ ታጥፎ እየገባ ነው። ሐመድ ከፊት ከፊቱ እየሄደ "ግራ፣ ቀኝ" እያለ እስከ ዛፎቹ ድረስ መራው። መኪናው አንድም ቦታ አልተያዘም።

ሰዎቹ መጋዝ ሲያወርዱ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

"መንገድ ጥሩ ነው አይደል፣ አስተማሪ?"

"ጥሩ ነው፣ ጋሽ ሐመድ" አልኩት።