ወፍ ያመጣው ሣር

ጨፌው መሐል አንድ ግራር አለ። ጨፌ የምንለው ከወንዙ ዳር እስከ ጊንጪ መንገድ ድረስ የተኛውን ሜዳ ነው። በበጋ ከብት ይግጥበታል፣ ክረምት ሲገባ ማንም አይረግጠውም። ግራሩ ላይ፣ ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣ የደረቀ ሣር ቅርንጫፉን ተጠምጥሞ ይታያል። እኔ ቱፋን አግብቼ ወደዚህ አገር ስመጣም ነበረ። ቱፋ ሞቶም ሣሩ እዚያው ነበር።

በሰባ ዘጠኝ የካቲት ላይ ሥዩም የሚባል ለኪ ከአምቦ መጣ። በየኮረብታው ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ ባንድ መንደር ይሰብሰብ ተብሎ፣ የመንደሩን ቦታ እንዲለካ ነው የላኩት። ጨፌውን አየና ወደደው። አልፈርድበትም። በየካቲት ጨፌው እንደ አውድማ ደረቅ ነው፤ ገመድ ሲዘረጉበት ቀጥ ይላል፣ ከመኪና መንገዱም ይታያል።

የገመዱን ጫፍ ግራሩ ላይ ሊያስር ሄዶ ቀና አለ።

«ይሄን ድርቆሽ እዚህ ላይ ማነው የሚሰቅለው?»

ስልሳ አባወራ ቆሞ ነበር። መልስ ሲቆይብኝ ጊዜ እኔ ተናገርኩ።

«ማንም አልሰቀለውም። ውኃ ነው ያመጣው።»

«እማማ፣ ውኃ እዚህ ድረስ? እኔ እንኳ እጄን ዘርግቼ አልደርስበትም።»

«አንተማ አጭር ነህ» አልኩት።

ሰው ሊስቅ ብሎ ተወው፤ ከሥዩም ኋላ ደብተር የያዙ ሁለት የወረዳ ሰዎች ቆመዋል። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ደግሞ ነጋሳ ነው፣ የባሌ ታናሽ ወንድም። ፊቱን አልቦታል።

«ወፍ ነው» አለ ነጋሳ። «ወፍ ነው ሣሩን የሚያመጣው።»

«ምን ዓይነት ወፍ ነው እንዲህ የሚያህል ሣር የሚሸከመው?» አለ ሥዩም።

«ትልቅ ወፍ።»

«የት ያየኸው ነው አንተ?» አልኩት ነጋሳን። አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌ ኦቦ ቀንዓ ክንዴን ያዙኝ። «ዲሲ፣ ሸዋገነት። ተዪው» አሉኝ በቀስታ።

ከወረዳዎቹ አንዱ ደብተሩን ገለጠ። «ጭቅጭቅ አያስፈልግም፣ ብዙኃኑ ይወስናል። ወፍ ነው የሚል እጁን ያውጣ።»

እጅ ወጣ። መጀመሪያ የነጋሳ፣ ከዚያ ከፊት የቆሙት፣ ከዚያ ሁሉም። ኦቦ ቀንዓ ልጅ ሳሉ የአባታቸውን አራት በሬ ይሄው ጨፌ ላይ ጎርፍ እንደወሰደው ለኔ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ መሬት መሬት እያዩ እጃቸውን አወጡ። ጎረቤቴ አመዩም ባንድ እጇ አፏን በነጠላ ሸፍና በሌላው አወጣች።

«ውኃ ነው የሚል?»

የኔ ብቻ ሆነ። ሰውዬው ስሜን ጠየቀና ጻፈ።

ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። ኦቦ ቀንዓ ለብሔራዊ ውትድርና የደረሰ ልጅ ነበራቸው፤ አመዩ ሁለት። እኔ ልጅ የለኝም። የሚወስዱብኝ ስለሌለ ነው አፌ የተፈታው።

ሚያዝያ ላይ ሁሉም ቤቱን እያፈረሰ እንጨቱንና ክዳኑን ወደ ጨፌው አጋዘ። እኔም አፈረስኩ። ጎተራዬን ግን ኮረብታው ላይ፣ ከጥጃ ቤቱ ጎን፣ በአራት ድንጋዮቹ ላይ እንደቆመ ተውኩት። ቤት ቢርስ ይደርቃል። የራሰ ጤፍ ግን ወይ ይበቅላል ወይ ይሻግታል፤ ለዘር አይሆንም። ዘር ከሌለ ደግሞ የሚመጣው ዓመት የለም።

ነጋሳ ሦስት ጊዜ መጣብኝ። መጀመሪያ ደብዳቤ ይዞ፣ ቀጥሎ ሁለት ታጣቂ ይዞ፣ በሦስተኛው ብቻውን። ያን ቀን ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ ሸዋገነት፣ የሰው ጎተራ ሁሉ ወርዷል። ያንቺ ብቻ ቀረ።»

«ይቅር።»

«የእህል ኮታ ልትሸሽ ነው ይሉሻል።»

«ኮታዬን አስገብቻለሁ። ወረቀቱን ላምጣልህ?»

«እኔን ያስሩኛል።»

«ካሰሩህ ስንቅ አመላልስልሃለሁ። ከዚሁ ጎተራ።»

ትንሽ ሳቀ። ከዚያ ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ «ወፍ ነው ያልኩት ለናንተው ብዬ ነው» አለ። «ቦታውን አንቀበልም ብንል ቆላ አውርደው ይጥሉን ነበር።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ይመስላል።»

ጎተራው እዚያው ቀረ። ለወረዳ ፈርሷል ብሎ ሪፖርት እንዳደረገ በኋላ ሰማሁ።

ለሐምሌ አቦ፣ ረፋድ ላይ፣ ካፊያ እያካፋ፣ ጎተራዬን ለማየት ወጥቼ ሳለ ነጋሳ ሦስት አህያ እየነዳ ሲመጣ አየሁት። አህዮቹ በላስቲክ የተሸፈነ ጆንያ ተጭነዋል። ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ስድስት ጆንያ ጤፍ ጥጃ ቤቴ ውስጥ ደረደረ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት።

«ወፉን ፈራኸው እንዴ?» አልኩት።

«አትቀልጂ። ወንዙ ቀለሙን ቀይሯል።» ላቡን በጋቢው ጠረገ። «ለማንም እንዳትናገሪ።»

«ካልጠየቁኝ አልናገርም።»

ወረደ። ከአቦ እስከ ሚካኤል ሰባት ቀን ነው። ሰባቱንም ቀን እኔ መንደሩ ውስጥ ነበርኩ። ከአመዩ ጋር ውኃ ቀድቻለሁ፣ የኦቦ ቀንዓን ቤት አብሬ መርጌያለሁ። ሊቀመንበሩ እህሉን ወደ ኮረብታ አወጣ ብዬ ለአንድ ሰው ብናገር በማግሥቱ ስልሳው አባወራ አህያውን ይጭን ነበር። አልተናገርኩም። ለነጋሳ ቃል ስለገባሁ ነው ብል ውሸት ነው። ያወጡትን እጅ አልረሳሁላቸውም ነበር።

የሚካኤል ዕለት ከሰዓት ደንዲ በኩል ተራራው ጠቆረ። ጨፌው ላይ ዝናብ ጠብ አላለም። ውኃው የመጣው በወንዙ በኩል ብቻ አይደለም፤ ከኋላም ከመንገዱም ሥር እየፈሰሰ መጣ። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት ነበር፣ ሰው እየሳቀ ዕቃውን ወደ መደብ ያነሳ ጀመር። ዶሮ ሳይሰፍር ወገብ ደረሰ። ልጅና ሽማግሌ እየተሸከምን ወደ ኮረብታው ወጣን። ሰው አልሞተም። ጥጃና ፍየል ግን ሄዷል።

ሲነጋ ከላይ ሆነን አየነው። ሥዩም በገመድ ያስተካከላቸው ቤቶች ያው በመስመር ናቸው፣ ክዳናቸው ብቻ ነው የሚታየው። የየጎተራው ልስን በውኃው ሟሙቶ ጤፉ ፈሷል። አንድ ሰው እንኳ አላለቀሰም። ዘር ሊዘራ የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር።

አመዩ ልጆቿን ይዛ ጥጃ ቤቴ ውስጥ አድራ ነበር። ብርሃን ሲሆን ብቅ አለች።

«ሸዋገነት፣ ውስጥ ያለው ጆንያ የማነው? ያንቺ ጎተራ እኮ ሙሉ ነው።»

ሰው ዞሮ አየኝ። ነጋሳ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ አጥሩ ጥግ ቆሟል።

«የወፍ ነው» አልኩ።

ኦቦ ቀንዓ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ «ወፍ ጆንያም መስፋት ጀመረ?» አሉ።

ነጋሳ ከአጥሩ ጥግ ወጣ። «የኔ ነው» አለ።

«መቼ አመጣኸው?» አለችው አመዩ።

«ለአቦ።»

አመዩ በጣቷ ቆጠረች። ሲያልቅላት እሱን ሳይሆን እኔን አየች።

«አንቺም ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«አብረን ውኃ ስንቀዳ።»

«አዎ።»

«አልነገርሽኝም።»

«አልጠየቅሽኝም» አልኳት። እውነት ነው፣ አልጠየቀችኝም። ለሷ ግን መልስ አልሆነም።

ነጋሳ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አወጣ። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አላመሰገነውም። ቁና አስመጥቶ ለየቤቱ ለዘር ይሰፍር ጀመር። የሱ ግማሽ ሲደርስ እኔም ጎተራዬን ከፍቼ ሰፈርኩ። ሰው ከሱም ከኔም ተቀበለ። አመዩ ነጠላዋን ዘርግታ ከነጋሳ ተቀበለች። እኔ ጋ ስትደርስ ነጠላዋን አጥፋ አለፈችኝ።

ከነጋሳ የተቀበለችው አልበቃትም። ያን ክረምት ግማሽ ማሳዋ ሳይዘራ ከረመ።

ውኃው ሲጎድል እዚያው ጨፌው ላይ ተመልሰን ነበር። በሰማንያ ሁለት እንደልባችሁ ሁኑ ሲባል መንደሩ ፈረሰ፤ ሁላችንም ወደየኮረብታችን ተመለስን። ነጋሳ ሊቀመንበርነቱን ቀድሞ ትቶ ነበር። ግራሩ አሁንም አለ። ከድሮው ሣር አንድ ክንድ ከፍ ብሎ አዲስ ሣር ተጠምጥሞበታል፤ ከመንገድ ይታያል።

አመዩ ቤቷን እንደድሮው ከኔ አጥር ቀጥላ ሠራች። ሰላም ትለኛለች፣ ስታመም ትጠይቀኛለች፣ ከምድጃዬ እሳት ትጭራለች። ዘር ሲያጥራት ግን በኔ ደጅ አልፋ ወንዙን ተሻግራ ልትበደር ትሄዳለች።