የአያ አብዱልሐሊም ግራ እጅ

አያ አብዱልሐሊም ክራንቹን ትተው ዱላ እንዲይዙ ሐኪም የፈቀደላቸው ዕለት፣ ከወልድያ ወደ መርሳ እንደተመለሱ ትከሻቸው ድረስ የሚደርሰውን የወይራ ዱላቸውን ከማዕዘን አነሡ። በቀኝ እጃቸው ጨብጠው ከበራፉ ወጡ። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ተንገዳግደው አጥሩ ላይ ተደገፉ።

ተሰብሮ የከረመው ቀኝ ዳሌያቸው ነው።

የልጅ ልጃቸው ናጅዋ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ እየፈለገች ነበር። ሮጣ አልደገፈቻቸውም፤ እጇን አጣምራ ቆመች።

«አባባ፣ ሐኪሙ በየትኛው እጅ አለዎት?»

«እሱማ በግራ ነው ያለው። ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል?»

«ያውቃል። ዱላ በደህናው እግር በኩል ነው የሚያዝ።»

«አስተግፊሩላህ! ሰው በግራው ምን እንደሚሠራ ጠፍቶሽ ነው? እንዲህ ሆኜ ሰው ደጅ ልቁም?»

ያስጨነቃቸው ሰው ደጅ መቆሙ ነው። በላይና እሳቸው ሠላሳ ዓመት አንድ አንድ በሬያቸውን አቀናጅተው ያረሱ ባልንጀሮች ናቸው። በላይ ሊሞት ሲል፣ «ለልጄ ለደጀን ሚስት አንተ ጠይቅልኝ» ብሎ ቃል አስገብቷቸዋል። ቀኑ ደርሶ በመጪው እሑድ ውርጌሳ ሽማግሌ ይላካል። የልጅቱ አባት የአበባው ቤት ደግሞ ባጃጅ የማይወጣው አቀበት ላይ ነው። ሰው አዝሎ ያመጣው ሽማግሌ ምን ቃል ይከበርለታል?

«እንግዲያው በቀኝ ይዘው ይሂዱና አበባው ደጅ ይውደቁ» አለች ናጅዋ።

አያ አብዱልሐሊም ከአጥሩ ቀና አሉ። ከዚያ ዱላውን አቀበሏት።

ቀጥ ብለው እንዲቆሙና ክንዳቸውን እንዲለቁት አደረገች። የእጃቸው አንጓ የደረሰበትን በከሰል ምልክት አድርጋ፣ የቀረውን በመጋዝ ቆረጠችው።

«ሃያ ዓመት የያዝኳትን!»

«ትራፊው ለማማሰያ ይሆናል።»

በረባሶ ሠሪው ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ የዱላዋን ጫፍ አለበሰላቸው። ከዚያ ስድስት ቀን ግቢው በናጅዋ ጩኸት ተናወጠ።

«ዱላና የታመመው እግር አብረው! ከዚያ ደህናው! እርጥብ ድንጋይ ላይ አያሳርፏት! መሬት መሬት አይዩ፣ ፊት ለፊት!»

«እንደ አስተማሪ ትጮሂያለሽሳ!»

«ደመወዝ ስለሌለኝ ነው። አሁን ደረጃውን፤ ሽቅብ ደህናው ይቅደም፣ ቁልቁል የታመመው።»

እሑድ ጧት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ውርጌሳ አስፋልቱ ላይ ከመኪና ወረዱ። ሲሳይ የሚባለው በዕድሜ የሚያንሳቸው ሽማግሌ ክንዳቸውን ሊይዝ ቢል፣ «ተው፣ የእርምጃ ቁጥሬን ታጠፋብኛለህ» አሉት። ሽቅብ ደህናው። ሽቅብ ደህናው። ላብ በጀርባቸው እየወረደ ደጁ ደረሱ።

አበባው ወጣ። ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው ግራ እጃቸው ላይ ነው። አያ አብዱልሐሊም ፊታቸው ጋለ። አበባው ግን እጁን ዘረጋ። እሳቸውም ሳያስቡት ቀኛቸውን ሰጡት። ክራንች ከያዙ ወዲህ ሰው ጨብጠው አያውቁም ነበር፤ ሁለቱም እጃቸው ታስሮ ከርሟል። አሁን ቀኛቸው ነፃ ነው። አልሐምዱሊላህ አሉ በልባቸው።

«ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ። ደጀን የበላይ ልጅ መሆኑን፣ ጠባዩንም ቆመው ተናገሩ። እግራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ዱላዋ አልነቃነቅ አለች።

የልጅቱ ወገን ሽማግሌን ሁለት ሦስት ጊዜ ማመላለሱ ወግ ነው። አበባው ወደ ቤት ገብቶ ከሚስቱ ጋር ተማክሮ ተመለሰ።

«አንቱ በዚያ እግር ይህን አቀበት ወጥተው፣ ዳግም ባመላልስዎ እግዜርም አይወድልኝ። ሰጥተናል። አሁን ይቀመጡ።»

ቁልቁለቱን የታመመውን እያስቀደሙ ወርደው፣ አስፋልቱ ዳር ቆመው ደወሉ።

«ናጅዋ፣ ሰጡን! አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው። ያ ሐኪምም ልጅ ነው ብዬ ነበር፤ ዱዓ አደርግለታለሁ።»

«ዱላውስ በየት እጅ ነው?»

«ስልኩን በቀኝ ይዤ፣ በየት እንድይዛት ነው?»